መኪናውና አሳቢው፦ የቼዝ ጨዋታ በኮምፒዩተር ዘመን

መግቢያ

ሚካኢል ቦትቪኒክ ከ1948 እስከ 1963 ባሉት ዓመታት ውስጥ ሦስት ጊዜ የዓለም ቼዝ ሻምፒዮንነትን ክብር የተቀዳጀ የሶቪየት ኅብረት ተጫዋች ነበር። ሙያው ግን የኤሌክትሪክ ምህንድስና ነው። በሌኒንግራድ ፖሊቴክኒክ ተምሮ በ1951 በዚሁ ሙያ የዶክትሬት ማዕረግ አግኝቷል። በ1970 ከውድድር መድረክ ሲሰናበት የቀረውን ዕድሜውን ለአንድ ጥያቄ ሰጠ፤ ይኸውም ኤሌክትሮኒክ የሂሳብ መኪና እንደ አንድ የቼዝ ሊቅ እንዲያስብ ማስተማር ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ነበር። ሩብ ምዕት ዓመት ያህል ደከመበት፤ ያሰበው ግን ሳይደርስለት በ1995 ዐረፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደቀ መዝሙሩ የነበረው የዓለም ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭ በአንድ ኮምፒዩተር ተሸነፈ። ያሸነፈው መኪና ግን መምህሩ በቀየሰው መንገድ የተሠራ አልነበረም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሐንዲሶች የቼዝ መኪና ለመሥራት ያደረጉትን ረጅም ጥረት በአጭሩ ማስታወስ፣ ከዚያም ጨዋታው ወደፊት ምን ዕጣ ይጠብቀዋል የሚለውን ጥያቄ መመርመር ነው። ጉዳዩ የጨዋታ ወዳዶችን ብቻ የሚመለከት እንዳልሆነ፣ የእኛንም የዕለት ተዕለት ሥራ የሚነካ እንደሆነ በመጨረሻው ክፍል ለማሳየት እሞክራለሁ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሳጥን ውስጥ የተደበቀው ሰው

ታሪኩ የሚጀምረው በማታለል ነው። በ1770 ቮልፍጋንግ ፎን ኬምፔለን የተባለ የሐንጋሪ ሰው በቪየና ቤተ መንግሥት በእቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ፊት አንድ አስደናቂ መሣሪያ አቀረበ። መሣሪያው የቱርክ ልብስ የለበሰ ምስል ከአንድ ትልቅ ሳጥን ኋላ የተቀመጠበት ሲሆን፣ የሳጥኑ በሮች ሲከፈቱ የሚታየው ጥርስ ያለው ጎማና ዘንግ ብቻ ነበር። ምስሉ እጁን ዘርግቶ የቼዝ ጠጠሮችን እያንቀሳቀሰ ይጫወታል፤ ብዙውን ጊዜም ያሸንፋል። በ1809 ናፖሊዮን ራሱ ከምስሉ ጋር ተጫውቷል። የሚሽከረከረው ጎማ ሁሉ ግን ለዓይን ማባበያ ነበር፤ በሳጥኑ ውስጥ ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው ተሸሽጎ ይቀመጥ ነበርና። መሣሪያው በ1854 በፊላዴልፊያ ከተማ በእሳት ጠፋ።

እውነተኛው የቼዝ መኪና የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። የስፔኑ መሐንዲስ ሌዮናርዶ ቶሬስ ኬቬዶ በ1912 የሠራውና በ1914 በፓሪስ ያሳየው መሣሪያ በውስጡ ማንም ሳይደበቅበት በኤሌክትሪክ ኃይል ይጫወት ነበር። ይሁን እንጂ ችሎታው በአንድ የጨዋታ ፍጻሜ የተወሰነ ነበር፤ ንጉሥና ግንብ ይዞ፣ ብቻውን የቀረውን የተጋጣሚውን ንጉሥ እያሳደደ ማት ያደርጋል። ሥራው ትንሽ ቢመስልም ቁም ነገሩ ትልቅ ነው። አንድ የአእምሮ ሥራ በግልጽ ሕግ ተለይቶ ከተጻፈ ሽቦና ማግኔት ሊፈጽሙት እንደሚችሉ በተግባር ተረጋገጠ።

የሻነን ሁለት መንገዶች

ለጉዳዩ ሳይንሳዊ መሠረት የጣለው አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን ነው። ሻነን በቤል የምርምር ላቦራቶሪ ሳለ በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ በአንድ የቼዝ አቀማመጥ ላይ በአማካይ 30 ያህል የተፈቀዱ እርምጃዎች እንዳሉ፣ አንድ ጨዋታም ከሁለቱም ወገን 40 ያህል እርምጃ እንደሚፈጅ በመነሻነት ወሰደ። በዚህ ስሌት ሊኖሩ የሚችሉት የጨዋታ ሐረጎች ቁጥር ከ1 ቀጥሎ 120 ዜሮዎች የሚጻፉበት ይሆናል። በአንድ ሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ሐረግ የሚመረምር መኪና ቢሠራ እንኳ የመጀመሪያዋን እርምጃ ለመወሰን የሚፈጅበት የዓመታት ብዛት ከ1 ቀጥሎ 90 ዜሮዎች ካሉት ቁጥር ይበልጣል። ስለዚህ ቼዝን እስከ መጨረሻው ቆጥሮ መጨረስ የማይታሰብ ነው።

ሻነን ከዚህ ተነሥቶ ሁለት መንገዶችን አመለከተ። የመጀመሪያው፣ ሁሉንም እርምጃዎች እስከ ተወሰነ ጥልቀት ድረስ ያለ ልዩነት መመርመርና በዚያ የደረሱበትን አቀማመጥ በነጥብ መመዘን ነው። ሁለተኛው፣ ሊቅ ተጫዋች እንደሚያደርገው ፍሬ ቢስ የሆኑትን እርምጃዎች ገና ከጅምሩ ጥሎ፣ ተስፋ ያላቸውን ጥቂቶች ብቻ መርጦ በጥልቀት መከታተል ነው። ሻነን ራሱ ወደ ሁለተኛው መንገድ ያደላ ነበር። በአንደኛው መንገድ የሚሄድ መኪና ቆጣሪ ነው፤ በሁለተኛው የሚሄድ ግን አስተዋይ ሊባል ይችላል።

በዚሁ ዘመን እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ የቼዝ ፕሮግራም በወረቀት ላይ ጽፎ ነበር። ፕሮግራሙን የሚያስኬድ ኮምፒዩተር ስላልነበረው በ1952 ከአንድ ባልደረባው ጋር ሲጫወት ራሱ እንደ መኪና ሆኖ ስሌቱን በእጁ እየሠራ፣ ለአንዲት እርምጃ ግማሽ ሰዓት ያህል እየፈጀ አጠናቀቀ፤ በመጨረሻም ተሸነፈ። የተሻለ መሣሪያ በተገኘ ጊዜ ተስፋው ከፍ አለ። ኸርበርት ሳይመንና አለን ኒውዌል በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን ኮምፒዩተር እንደሚሆን በ1950ዎቹ መጨረሻ ተነበዩ። ትንቢቱ እስኪፈጸም አርባ ዓመት ያህል ወሰደ።

የቦትቪኒክ ጥረት

ቦትቪኒክ የመረጠው የሻነንን ሁለተኛ መንገድ ነው። ሁለቱ ሰዎች በ1965 ሻነን ሞስኮን በጎበኘ ጊዜ ተገናኝተው ቼዝ ተጫውተዋል፤ እንደሚጠበቀውም ሻነን ተሸንፏል። የቦትቪኒክ አሳብ የሚከተለው ነበር። ሊቅ ተጫዋች ሚሊዮን እርምጃዎችን አይቆጥርም። ሊጠቃ የሚገባውን ዒላማ ይለያል፣ ወደዚያ የሚያደርሰውን ጎዳና ያያል፣ ጎዳናውን የሚዘጋና የሚከፍት ጠጠር የቱ እንደሆነ ይመረምራል፤ የቀረውን እንደሌለ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ይህ የሊቁ አስተሳሰብ ተተንትኖ በፕሮግራም ከተጻፈ፣ ጥቂት መቶ አቀማመጦችን ብቻ በመመርመር ጥሩ እርምጃ ማግኘት መቻል አለበት። ፕሮግራሙን «ፒዮኔር» ብሎ ሰየመው።

ፒዮኔር በቼዝ ደራሲያን የተዘጋጁ አንዳንድ ከባድ የፍጻሜ እንቆቅልሾችን ፈትቷል። የአሠራሩ ዘዴም ለሶቪየት ኅብረት የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫዎች የጥገና መርሐ ግብር ለማውጣት እንዲያገለግል ተሞክሯል፤ ይህም ለአንድ የኃይል መሐንዲስ የሚያስደስት ፍሬ እንደነበረ መገመት አያዳግትም። ነገር ግን ፒዮኔር ቼዝን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በብቃት የሚጫወት ፕሮግራም ሊሆን አልቻለም። ሊቁ የሚያደርገውን ሁሉ ለራሱ እንኳ አስረድቶ አይጨርሰውም። የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው፣ ያውም መሐንዲስ፣ የራሱን አእምሮ ንድፍ ማንሣት አቃተው። በእኔ አስተያየት ከቼዝ ኮምፒዩተር ታሪክ ውስጥ ከማንኛውም ድል ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ይህ ውድቀት ነው።

የቆጠራ ድል

በአንጻሩ የመጀመሪያው መንገድ ቀስ በቀስ እየሰፋ ሄደ። ለዚህ የረዳው አንዱ ነገር «አልፋ ቤታ» የተባለው የስሌት ዘዴ ነው። አንድ እርምጃ ተጋጣሚው በሚሰጠው አንድ መልስ ብቻ የሚያከስር ሆኖ ከተገኘ የተቀሩትን መልሶች መመርመር አያስፈልግም፤ የዘዴው መሠረት ይህ ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ 30 እርምጃ አለ ብለን አራት ደረጃ ብንወርድ 810,000 የመጨረሻ አቀማመጦች ይገጥሙናል። እርምጃዎቹ በጥሩ ቅደም ተከተል ከተመረመሩ ግን ያንኑ ውጤት ከ1,800 ባነሱ አቀማመጦች ብቻ ማግኘት ይቻላል።

በ1973 በአሜሪካ የኖርዝ ዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም አዘጋጆች እርምጃ መምረጥን ትተው ሁሉንም ወደ መመርመር ተመለሱ። ምክንያታቸው ለማንኛውም መሐንዲስ ግልጽ ነው። መራጭ ፕሮግራም አልፎ አልፎ ዋነኛዋን እርምጃ ፍሬ ቢስ ናት ብሎ ይጥላል፤ አንዲት ስሕተትም ሙሉ ጨዋታ ታበላሻለች። ሁሉንም የሚቆጥር ፕሮግራም ግን ጥልቀቱ የተወሰነ ቢሆንም በዚያ ጥልቀት ውስጥ የሚያመልጠው የለም።

የስኮትላንዱ ተጫዋች ዴቪድ ሌቪ በአሥር ዓመት ውስጥ ማንም ኮምፒዩተር እንደማያሸንፈው በ1968 ተወራርዶ ነበር። በ1978 የኖርዝ ዌስተርንን ፕሮግራም ሦስት ተኩል ለአንድ ተኩል አሸንፎ ውርርዱን በላ። በ1983 ግን ኬን ቶምሰንና ጆ ኮንደን በቤል ላቦራቶሪ የሠሩት «ቤል» የተባለ መኪና የማስተርነት ደረጃ ላይ ደረሰ። በ1988 «ዲፕ ሶት» የተባለው መኪና የዴንማርኩን ግራንድ ማስተር ቤንት ላርሰንን በይፋ ውድድር ላይ አሸነፈ። በተከታዩ ዓመት ሌቪም በዚሁ መኪና አራት ለባዶ ተረታ።

ከዚህ በኋላ የቀረው ሻምፒዮኑ ነበር። ካስፓሮቭ በ1996 በፊላዴልፊያ የአይ ቢ ኤም ኩባንያን «ዲፕ ብሉ» አራት ለሁለት ቢያሸንፍም በግንቦት 1997 በኒውዮርክ ሦስት ተኩል ለሁለት ተኩል ተሸነፈ። ዲፕ ብሉ ለቼዝ ብቻ የተሠሩ 480 የስሌት ቺፖች ነበሩት፤ በአንድ ሴኮንድም 200 ሚሊዮን ያህል አቀማመጦችን ይመረምር ነበር። ካስፓሮቭ በሁለተኛው ጨዋታ ላይ መኪናው ያደረገው እርምጃ ሰው ሰው ስለሸተተው የሰው እጅ ገብቶበት እንደሆነ ተጠራጠረ። ከ1770 ጀምሮ ሰዎች በመኪናው ውስጥ የተደበቀ ሰው ሲፈልጉ ኖረዋል፤ የዘመኑ ሻምፒዮንም ያንኑ ፈለገ። በዚህ ጊዜ ግን በሳጥኑ ውስጥ ማንም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ እየሰፋ እንጂ እየጠበበ አልሄደም። በ2006 የዓለም ሻምፒዮን ቭላዲሚር ክራምኒክ፣ እርሱም በቦትቪኒክ ትምህርት ቤት ያለፈ፣ በገበያ ላይ በሚሸጥ ፕሮግራም አራት ለሁለት ተሸነፈ። ዛሬ በእጅ ስልክ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ማንኛውንም ሻምፒዮን ይረታል።

ራሱን ያስተማረው ፕሮግራም

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ መደምደሚያው ቀላል በሆነ ነበር፤ ቆጠራ ማስተዋልን አሸነፈ ብለን እንዘጋው ነበር። በታኅሣሥ 2017 ግን ዲፕ ማይንድ የተባለው ድርጅት «አልፋ ዜሮ» ስለተባለ ፕሮግራም የምርምር ውጤት አወጣ። ለዚህ ፕሮግራም ከጨዋታው ሕግ በቀር የትኛው ጠጠር ስንት ነጥብ እንደሚያወጣ እንኳ አልተነገረውም። በአንጎል የነርቭ መረብ አምሳያ የተዋቀረ ሲሆን ከራሱ ጋር በሚሊዮን የሚቆጠር ጨዋታ እየተጫወተ ከውጤቱ ተማረ። በአራት ሰዓት ውስጥም በዘመኑ ኃያል የነበረውን «ስቶክፊሽ» የተባለ ፕሮግራም በለጠ። በ100 ጨዋታዎች 28 ጊዜ አሸንፎ 72 ጊዜ እኩል ሲለያይ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም።

አራት ሰዓት የሚለው አነጋገር እንዳያሳስተን ያስፈልጋል። ለልምምዱ ጨዋታዎች 5,000 ልዩ የስሌት ቺፖች ሥራ ላይ ውለዋልና ጊዜው ያጠረው በመሣሪያው ብዛት ነው። ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚያስደንቀው ሌላ ቁጥር ነው። ስቶክፊሽ በሴኮንድ 70 ሚሊዮን አቀማመጥ ሲመረምር አልፋ ዜሮ የሚመረምረው 80,000 ብቻ ነበር። ይኸውም የሻነን ሁለተኛ መንገድ፣ ቦትቪኒክ ሊሄድበት ፈልጎ የቀረበት መንገድ መሆኑ ነው። ጥቂት መርምሮ ብዙ ማየት ተችሏል። ከ2020 ጀምሮ ስቶክፊሽም የነርቭ መረብ አምሳያውን ከቆጠራው ጋር አዋሕዶ ይጠቀማል።

ሆኖም ቦትቪኒክ የፈለገውን አገኘን ለማለት አይቻልም። እርሱ የፈለገው የሊቁ አስተሳሰብ በግልጽ ቋንቋ እንዲጻፍ ነበር። የአልፋ ዜሮ ማስተዋል ግን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቁጥሮች ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ ሠሪዎቹም ቢሆኑ ገልጠው ሊያነቡት አይችሉም። የሚያስተውል የሚመስል መኪና አግኝተናል፤ ስለ ማስተዋል ግን የጠበቅነውን ያህል አልተማርንም።

ይህ ክፍተት በጨዋታው ፍጻሜ ላይ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። በቦርዱ ላይ እስከ 7 ጠጠር ብቻ የቀረበት ማንኛውም አቀማመጥ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ተሰልቶ በመዝገብ ተቀምጧል። ከእነዚህ ውስጥ ማት ለማድረግ ከ500 የሚበልጡ ትክክለኛ እርምጃዎች የሚጠይቁ አሉ። መዝገቡ አይሳሳትም፤ ለምን እንዲህ እንደሆነ ግን ማንም ሊቅ አስረድቶ ተማሪውን ሊያሳምን አይችልም። መልሱ አለ፤ ማብራሪያው የለም።

የጨዋታው መጪ ዕድል

መኪና ሰውን ካሸነፈ ቼዝ ይሞታል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። አልሞተም። በ2024 የሕንዱ ጉኬሽ ዶማራጁ በ18 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ከኮምፒዩተር ደካማ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ጨዋታውን ከመከታተል ግን ያገደው ሰው አልነበረም። ሯጭ ከአውቶሞቢል በታች ስለሆነ የሩጫ ውድድር አልቀረም።

ለውጥ አልመጣም ማለት ግን አይደለም። ቀድሞ ጨዋታ ሳያልቅ ሲመሽ ለማግሥቱ ይቀጠር ነበር፤ ተጫዋቾች ሌሊቱን ከኮምፒዩተር ጋር ማደር ስለቻሉ በ1990ዎቹ ይህ ልማድ ቀረ። የጨዋታ መክፈቻዎች በቤት ውስጥ በኮምፒዩተር እየተጠኑ ሃያና ሠላሳ እርምጃ በቃል ይወረዳል። በ2018 በለንደን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ላይ አሥራ ሁለቱም መደበኛ ጨዋታዎች እኩል በመለያየት አልቀዋል። በውድድር አዳራሾች በር ላይ ደግሞ ተጫዋቾች በብረት መፈለጊያ ይፈተሻሉ፤ በ2019 አንድ ግራንድ ማስተር በመጸዳጃ ቤት ውስጥ በስልክ ሲጠቀም ተይዟል። የኬምፔለን ማታለል ተገለበጠ። ያን ጊዜ በመኪናው ውስጥ ሰው ይሸሸግ ነበር፤ ዛሬ በሰውየው ኪስ ውስጥ መኪና ይሸሸጋል።

መፍትሔው ከሕጉ በኩል ሊመጣ ይችላል። ቦቢ ፊሸር በ1996 የኋለኛው ረድፍ ጠጠሮች በዕጣ እንዲደረደሩ የሚያደርግ አዲስ ደንብ ይፋ አደረገ፤ 960 የተለያዩ አጀማመሮች ስላሉ በቃል የተጠና መክፈቻ ዋጋ ያጣል። በዚህ ረገድ የእኛ አገር ጥንታዊ ጨዋታ የሆነው ሰንጠረዥ ሊታወስ ይገባል። በሰንጠረዥ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ «ወረራ» የሚባል ክፍል አለ፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ በዓይኑ እየተከተለ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እኩል ይንቀሳቀሳሉ። የሻነን ስሌት የቆመው አንዱ ይሄዳል፣ ሌላው ይመልሳል በሚለው ተራ ላይ ነው፤ ወረራ ግን ተራ የለውም። በዚህ ክፍል ፍጥነትና ዓይን፣ የተጋጣሚንም ጠባይ ማወቅ ይፈርዳሉ። መኪና ይህንን ፈጽሞ ሊማር አይችልም ለማለት አልደፍርም። የጨዋታ ሕግ የሰው ሥራ መሆኑን፣ ሰውም ጨዋታው ሲጠብበት ሊያሰፋው እንደሚችል ግን ወረራ ያስታውሰናል።

ከሙያችን አንጻር

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ሕንጻ ስሌት በፕሮግራም ሠርቼ ለአንድ አንጋፋ መሐንዲስ አቀረብኩ። ሰንጠረዡ የተስተካከለ፣ ሥዕሉ የጠራ ነበር። እርሳቸው ገጾቹን ሲያገላብጡ አንድ ቦታ ላይ ቆሙና «ልጄ፣ ሰባት ሜትር የሚዘረጋውን ቢም በሁለት ባለ 12 ፌሮ ልታቆመው ነው?» አሉኝ። ወደ ቢሮዬ ተመልሼ ስመረምር የጭነቱን መጠን በአሥር እጅ አሳንሼ አስገብቼ ኖሯል። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፤ የተሰጠውን በትክክል አስልቷል። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ከዚህም የከፋው ስሕተቴን ለማየት የሚያስችል ዓይን ሳልጠቀም ማለፌ ነው። አንጋፋው መሐንዲስ ግን ምንም ሳያሰሉ አዩት፤ ከብዙ ዓመት የእጅ ስሌት የተገኘ ዓይን ነበራቸው።

የቼዝ ተጫዋቾች ዛሬ ተመሳሳይ ችግር ገጥሟቸዋል። ጎበዝ የቼዝ መምህራን ተማሪው በመጀመሪያ በራሱ አእምሮ እንዲያስብ፣ ፍርዱን እንዲጽፍ፣ ከዚያ ብቻ ፕሮግራሙን እንዲከፍት ያዛሉ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ተማሪው ቁጥሩን ያያል፣ እርምጃውን ያስታውሳል፣ ምክንያቱን ግን አያውቅም፤ ተጋጣሚው ያልተጠና እርምጃ ባደረገ ጊዜም ባዶ እጁን ይቀራል። በቼዝ የሚጠፋው ነጥብ ነው። በእኛ ሙያ የሚፈርሰው ቤት ነው፤ በፍርስራሹ ሥር የሚገኘውም ሰው ነው።

ስለዚህ ከዚህ ታሪክ ለማኅበራችን አባላት አንድ ቀላል አሳብ አቀርባለሁ። በፕሮግራም የተሠራ የዲዛይን ስሌት ለምርመራ ሲቀርብ፣ የዋና ዋናዎቹን ተሸካሚ አካላት ግምታዊ ስሌት የያዘ አንድ ገጽ በሠሪው እጅ ተጽፎ አብሮ እንዲያያዝ ልማድ ብናደርገው መልካም ነው። ገጹ ከፕሮግራሙ በፊት ይጻፍ። ወጣት ባልደረቦቻችንም ቁጥሩ ከመምጣቱ በፊት ምን ያህል ሊሆን እንደሚገባ መናገር እስኪችሉ ድረስ በዚሁ መንገድ ቢለማመዱ፣ ያ አንጋፋ መሐንዲስ የነበራቸው ዓይን ከትውልዳቸው ጋር አይቀርም። ቦትቪኒክ ያንን ዓይን ለመኪና ሊያወርስ ሩብ ምዕት ዓመት ደክሞ አልሆነለትም፤ ለሰው ማውረስ ግን ዛሬም በእጃችን ነው።